ከጉራቻ ጭራ ሥር

በሱፍቃድ ነገርን ከጫፉ መጀመር ይወዳል። ሌላው ሰው ቤት ሲሠራ መጀመሪያ መሠረት ይቆፍራል፤ እሱ መጋረጃ ይገዛል። ስለዚህ ለሰርግ የሚከራይ ሠረገላ እሠራለሁ ብሎ ሲነሳ ፈረሱ ትዝ አለማለቱ በጌጃ ሰፈር ማንንም አላስገረመም። ስድስት ወር ሙሉ ብየዳ ቤቱን ዘግቶ ብረት ሲያጎብጥ፣ ሲበይድ፣ ሲሞርድና ሲቀባ ከረመ። አንድ ቀን በሩን ወለል አድርጎ ሲከፍተው ነጭ ቀለም የተቀባች፣ ወንበሯ ቀይ ከፈይ የለበሰ፣ ጎንና ጎኗን የብረት ሐረግ የተጠመጠመባት ሠረገላ ብቅ አለች። ሰፈሩ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ ባለሱቁ ሰላሃዲን፣ "ታዲያ ማን ሊጎትታት ነው?" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ "ጋሪው ከፈረሱ ቀደመ" የሚባለው ነገር በጌጃ ሰፈር ተረት መሆኑ ቀርቶ የበሱፍቃድ ሁለተኛ ስም ሆነ።

እሱ ግን ለጨዋታ አልነበረም የሠራት። ሠላሳ ዓመት የሰው በር፣ የሰው መስኮት፣ የሰው አጥር ሲበይድ ኖሮ ዓይኑ ከድቶታል። አሸዋ የተበተነበት ይመስል ሲያቃጥለው የሚውለውን ዓይኑን ዓመት ሙሉ ደብቆ ኖሮ፣ በመጨረሻ ጎትታ ሐኪም ዘንድ የወሰደችው ሚስቱ ሸዋዓለም ናት። ሐኪሙ መርምሮት ሲያበቃ፣ "ወይ ብየዳውን ይተዉ፣ ወይ ዓይንዎ ይተውዎታል" አለው። ሠረገላዋ እንግዲህ የበሱፍቃድ ጡረታ ነበረች። እሷ ከሠራች እሱ ከእሳቱ ይርቃል። ካልሠራች መነጽሩን አጥልቆ ወደ ብየዳው መመለስ ነው፤ እስኪጨልምበት ድረስ።

የመጀመሪያዋ ሙሽራ ተገኝታለች። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ልጅ ናት፤ ሠረገላዋን አይታ ወዳታለች፤ ግን ቁርጡን ነግራዋለች። "ጋሼ በሱፍቃድ፣ ፈረሱ ነጭ ካልሆነ እኔ አልሳፈርም" ብላዋለች። ሰርጉ ሊደርስ አሥራ አምስት ቀን ቀርቶታል። በሱፍቃድ በዚህ መሀል ያላየው ፈረስ የለም። ቀይ አየ፣ ጥቁር አየ፣ አንድ ደላላማ በኖራ የነጣ ፈረስ አምጥቶለት ጀርባውን ቢደባብሰው መዳፉ ነጥቶ ቀረ።

ሸዋዓለም ልደታ ማርያም ደጃፍ ጧፍና ሻማ ትሸጣለች። ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ አንድ አዲስ ነገር አምጥታለች፤ ገና ሳይነጋ ከቤት ትወጣለች። "ምነው በጨለማ?" ሲላት፣ "የማለዳ ገበያ ይሻላል" ትለዋለች። አንዳንድ ቀን ረፋዱ ላይ ወደ ቤት ብቅ ስትል ጸጉሯ እርጥብ ነው። "ካፊያ ነበር እንዴ?" ይላታል፤ "ካፊያ ነበር" ትለዋለች። ዘንድሮ እንኳን ካፊያ ደመናም አልታየ! ግን ሠረገላ የሚቀባ ሰው ሰማይ አያይም። ዘንቢሏንም ከቀኝ እጇ ወደ ግራ አዛውራለች፤ ነጠላዋንም በሙቀቱ ቀን ሳይቀር ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ትጠመጥመዋለች። በሱፍቃድ ይህንንም አላየም።

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ቅዳሜ ዋቅሹማ መጡ። የሰበታ ዙሪያ ገበሬ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ እርጋታቸው ሰውን የሚያረጋጋ ሽማግሌ። ነጭ ፈረስ እንዳላቸው ለበሱፍቃድ የጠቆመው ለጥምቀት ሲጋልቡ ያያቸው አንድ ሾፌር ነበር። ሌሊት ተነስተው ፈረሱን እየሳቡ በእግራቸው መጥተው፣ ከጌጃ ሰፈር ወደ ሰንጋ ተራ ሲሄዱ ጥግ ላይ ያለችው ባዶ ቦታ ላይ ቆሙ።

በሱፍቃድ ከሩቅ ሲያየው ባለበት ቆመ። እንዲህ ያለ ፈረስ በሕይወቱ አላየም። ከግንባሩ እስከ ሰኮናው ነጭ ነው፤ ጋማው ወደ አንድ ጎን ተበጥሯል፤ ጭራው በቀይና በቢጫ ጨርቅ ከሥሩ ጀምሮ ተጎንጉኖ እንደ በዓል ልብስ ያምራል። መንገደኛው መቆም ጀመረ። ከኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ ሰዎች ብቅ አሉ። አንዱ፣ "ሰንጋ ተራ ስሙ ተመለሰለት በሉኛ!" ብሎ አሳቃቸው።

"ስሙ ማነው አባቴ?" አለ በሱፍቃድ።

"ጉራቻ።"

"ጉራቻ ማለት ጥቁር አይደለም እንዴ?"

"ሲወለድ ጥቁር ነበር ልጄ። እያደገ ሲሄድ ነጣ። ስም ደግሞ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።"

በሱፍቃድ እንደሚያውቅ ሰው ጥርሱን ከፍቶ አየ፤ እግሩን አንስቶ ሰኮናውን መታ መታ አደረገ፤ አንገቱን ደባበሰ፤ መዳፉንም ገልብጦ አየ፣ ኖራ የለም። ስለ ፈረስ የሚያውቀው ይህችው ናት። ፈረሱ ትንፋሹን በፊቱ ላይ እፍ ሲልበት ልቡ ጠፋ። እጁ ወዲያው ወደ ኪሱ ገባ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት ለእንደ እሱ ዓይነቱ የተተረተ ነው።

ዋቅሹማ ግን እጁን ያዙት።

"ቆይ። የቤትህ እመቤት የት አለች?"

"ልደታ ማርያም ደጃፍ፣ ሥራዋ ላይ። እሷ ምን ታደርጋለች አባቴ? ስለ ፈረስ እኔ እበቃለሁ።"

"ትምጣ። ከአባቴ የወረስኩት ሥርዓት አለ። ሻጭ የከብቱን እንከን አፍ አውጥቶ ሳይናገር ገንዘብ አይቀበልም። ገዢም የቤቱን እንከን ሳይናገር ከብት አይወስድም። ከብቱ የሚገባው ቤት ውስጥ ነውና በቤቱ ያለ ሁሉ ቆሞ ይሰማል፤ ያለውንም ይናገራል። አባቴ እንዲህ ሳያደርግ ዶሮም አልሸጠ።"

ምን ይደረግ፣ ሽማግሌ ናቸው። በሱፍቃድ ሸዋዓለምን በስልክ ጠራት። ዕፀገነትንም ጠራት። ዕፀገነት የጎረቤቱ ልጅ ናት፤ የእንስሳት ሕክምና ጨርሳ ሥራ ከያዘች ዓመት ሆኗታል። ጠዋት ነይልኝ ብሏት ስትዘገይበት ጊዜ "ይቅርባት" ብሎ ነበር። ሁለቱ ከሁለት አቅጣጫ እኩል ደረሱ፤ ሸዋዓለም ዘንቢሏን በግራ እጇ አንጠልጥላ፣ ዕፀገነት ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላ።

ሸዋዓለም ፈረሱን አይታ ፈገግ አለች። "ያምራል በሱ" አለችው። "ሙሽራዋ ታለቅሳለች።"

ያኔ ዋቅሹማ ከፈረሱ ኋላ ዞሩና የጭራውን ጨርቅ ከላይ ጀምረው ይፈቱት ጀመር። ቀዩ ወረደ፣ ቢጫው ወረደ፣ ጉንጉኑ ተበተነ። ጭራውን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ አነሱት።

በሱፍቃድ ክው አለ።

ከጭራው ሥር፣ ቆዳው ላይ፣ ጥቁር እብጠት በእብጠት ላይ ተደራርቦ ነበር። አንዳንዱ ምስር ያህላል፣ አንዳንዱ ባቄላ፣ ሁለቱ እንቁላል ያህላሉ። አንዱ ፈንድቶ ቀለም የመሰለ ጥቁር ነገር አዥቷል። በዚያ ንጣት ላይ ያ ጥቁረት! በሱፍቃድ ወደ ኋላ ሲሸሽ እግሩ ድንጋይ መትቶ ሊወድቅ ደረሰ። ቅድም ፈረሱን የደባበሰበትን መዳፍ ሱሪው ላይ ይጠርግ ጀመር፤ እንደሚጠርግም አላወቀም። ከቆመው ሰው መሀል አንዲት ሴት አማተበች። አንዱ "ይጋባል እኮ ይሄ" አለ፤ ይህችን የሰማ ሁሉ ነጠላውን አፍንጫው ላይ እየያዘ ተበተነ። የበረንዳው ሰውም ወደ ቤቱ ገባ። በዚያች ባዶ ቦታ ላይ አራት ሰውና አንድ ፈረስ ብቻ ቀሩ።

"አታለሉኝ" አለ በሱፍቃድ።

"መች አታለልኩህ? ገንዘብህን ልትሰጠኝ ስትል እጅህን የመለስኩት እኔ አይደለሁም?"

"ስንት ዓመቱ ነው ይሄ?"

"ስድስት።" ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። "መጀመሪያ እንደ ምስር ሆና አንዲት ወጣች። በዓል ደርሶ ነበር፤ ሰው ፊት አፈርኩና በጨርቅ ጎነጎንኩት። በዓሉ አለፈ፣ ጨርቁ ቀረ። ዓመት በመጣ ቁጥር ጨርቁን አረዝመው ነበር።"

"ስድስት ዓመት ሙሉ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም? እንዴት እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ይሸፍናል? እንዴት ያስችላል?"

ንዴቱ ድንጋጤው ነው፤ ሽማግሌን መቆጣቱን ሲያስበው ኋላ ያፍርበታል። ሸዋዓለም ከጎኑ ቆማ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጠበቀች። ፊቷ አመድ መስሏል። በሱፍቃድ ቢያያትም "እሷም እንደኔ ደነገጠች" ብሎ አለፈው።

ዕፀገነት ቦርሳዋን አስቀምጣ ጓንት አጠለቀች። ፈረሱን በስሙ እየጠራች ቀረበችውና እብጠቶቹን አንድ በአንድ ነካካች። ጉራቻ አንዴ ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈ፣ ከዚያ ዝም ብሎ ቆመ። እነዚያ ትልልቅ ዓይኖቹ ምንም አልጠየቁም።

"አይጋባም" አለች ቀና ብላ። "ሰዎቹ በከንቱ ነው የሸሹት። ዕጢ ነው ጋሼ። ካንሰር።"

"ካንሰር?" በሱፍቃድ ቃሉን ሲደግመው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ይህን ቃል በሰፈሩ ጮክ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ሰው "ያ በሽታ" ነው የሚለው። "ካንሰር ፈረስን ይይዛል እንዴ?"

"እንዲህ ጥቁር ተወልደው የሚነጡትን ብዙዎቹን ይይዛቸዋል። የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ እዚሁ ከጭራው ሥር ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ዛሬ ሠረገላ ይጎትት እንደሆነ ትጠይቀኝ ይሆናል፤ ይጎትታል። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ግን እኔ አላውቅም።"

"መድኃኒትስ?"

"አሁን በዝቷል። ትንሽ ሳለች ያቺን አንዷን ለሐኪም ቢያሳዩ ቆርጦ ማውጣት ቀላል ነበር። ጨርቁ ነው የጎዳው።"

ዋቅሹማ የፈረሱን ጀርባ በመዳፋቸው ሲያሹ ነበር።

በሱፍቃድ ቁጭ ብሎ አሰበ። እንግዲህ ሰው ምን ያህል ጉደኛ ፍጥረት እንደሆነ ስሙልኝ። ከአምስት ደቂቃ በፊት "እንዴት ሰው ይሸፍናል" ብሎ የጮኸው በሱፍቃድ፣ አሁን ልቡ ውስጥ ጨርቁን መልሶ ሲጎነጉን ተገኘ። አይጋባም። ይጎትታል። ሰርጉ ደርሷል። ሙሽራ ሠረገላ ላይ ተቀምጣ የፈረስ ጭራ ገልጣ አታይ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ እሱም የሚፈልገው አድርሶ የሚመልሰውን ነው። እንከኑን አይተው ዋጋውንም ይቀንሱልኛል።

"አባቴ" አለና ተነሳ፣ "ጨርቁን መልሰው ይጠምጥሙት። በደንብ ከተጎነጎነ ማንም አያይም። እወስደዋለሁ።"

"እንደሱ አትበል በሱ" አለች ሸዋዓለም።

ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ግን ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ነገር በሱፍቃድን ዞር አስባለው። ሸዋዓለም ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ወደ ፈረሱ ኋላ ሄደች። ጓንት አልጠየቀችም። ሁለት ጣቶቿን ዘረጋችና አንዲቱን ትንሽ እብጠት ዙሪያዋን በቀስታ ዞረቻት፤ ከላይ ጫን፣ ከጎን ገፋ። እንዲህ ያለውን ነገር ከዚህ በፊት ደጋግሞ የነካ ሰው ነው እንዲያ የሚነካው።

"ዕፀዬ፣ ይሄ ያመዋል?" አለች።

"መጀመሪያ ላይ አያምም እትዬ። ስለማያም ነው ሰው የሚዘናጋው።"

"ስትነኪው የሚንቀሳቀስና ከሥሩ የተጣበቀ ልዩነት አለው?"

ዕፀገነት መልስ ከመስጠቷ በፊት አየቻት። "አለው" አለች።

"ትንሽ ሳለች ስትዪ ምን ያህል ነው? ባቄላ ብታህል መሽቶባታል?"

"እትዬ ሸዋዓለም..." አለችና ዕፀገነት ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች።

ዋቅሹማ የሆነ ነገር የገባቸው ይመስላል፤ ጭራውን ለቀው ወደ ፊት መጡ። ሽማግሌ ሰው ጆሮው ከዓይኑ ይቀድማል። ገመዱን በግራ እጃቸው ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙና ሥርዓታቸውን ጀመሩ።

"ይህ ፈረስ ጉራቻ ነው፤ የእኔ ነው። ከጭራው ሥር ዕጢ አለበት። ስድስት ዓመት ሆነው። አፍሬ ደበቅኩት። ሰማህ?"

"ሰማሁ" አለ በሱፍቃድ፣ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት።

"አንተስ? የሚገባበት ቤት ምን እንከን አለው?"

በሱፍቃድ ጭንቅላቱን አከከ። "የግቢው በር ጠባብ ነው። መሬቱ ሲሚንቶ ነው፤ በዝናብ ያንሸራትታል። ጎረቤት ያለው ወፍጮ ቤት ይጮሃል። ሌላ የለም።"

"ሰማሁ። እመቤቲቱስ?"

"እሷ ምን አላት..."

"እሷን ነው የጠየቅኳት።"

ዋቅሹማ አልቸኮሉም፤ ሌሊት ከሰበታ ተነስቶ የመጣ ሰው ለአንድ ቃል መጠበቅ አያቅተውም። ከመንገዱ ማዶ የታክሲ ረዳት ይጣራል። ሸዋዓለም በግራ እጇ ነጠላዋን ከደረቷ ላይ ፈታች፤ ዓይኗን ከፈረሱ አንገት ላይ ሳታነሳ ተናገረች።

"እኔ የቤቱ እመቤት ነኝ። ቀኝ ጡቴ ላይ ዕጢ አለ። ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ። መጀመሪያ ሽምብራ ታህል ነበር፤ አሁን ባቄላ ታህላለች። ደበቅኩት።" ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። "ሰማህ?"

በሱፍቃድ ሰማ፤ ግን አልገባውም። ከዚያ ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባው። በጨለማ መውጣቷ። እርጥቡ ጸጉሯ። ካፊያ ነበር እንዴ፤ ካፊያ ነበር። ዘንቢሉ ከቀኝ ወደ ግራ መዛወሩ። ማታ በግራ ጎኗ ብቻ መተኛቷ። ሁለት ወር ሙሉ ይህ ሁሉ ዓይኑ ፊት ነበር፤ እሱ ደግሞ የብረት አበባ ሲቀባ ነበር። የፈረሱን ጭራ ሲያይ ደነገጥኩ ብሎ ነበር! ድንጋጤ ማለት ምን እንደሆነ ገና አሁን አወቀ።

"ጠበል... ጠበል ነበር የምትሄጂው" አለ እንደ ምንም።

"አዎ። አጥማቂው አባት ራሳቸው 'ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው፣ ሂጂ ልጄ' ብለውኛል። ከሰርጉ በኋላ እሄዳለሁ አልኳቸው።"

"ለምን ሸዋዬ? ለምን አልነገርሽኝም?"

"ያገኘሁት ቀን ልነግርህ ቁጭ ብዬ ስጠብቅህ ነበር። አንተ የሠረገላዋን ጎማዎች ገዝተህ መጣህ፤ እየሳቅህ። ስትስቅ ካየሁህ ስንት ጊዜዬ ነበር። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ቀለም ገዛህ።" እንባዋ አሁን መጣ። "ካወቅህ ለሕክምናዬ ብለህ ሠረገላዋን ትሸጣታለህ። ከሸጥካት ወደ እሳቱ ትመለሳለህ። ዓይንህስ በሱ? ዓይንህ ይጠፋል።"

"ዓይኔ ምን ይሠራልኛል?" አለ በሱፍቃድ። "አጠገቤ የተኛሽውን ካላየሁበት ምን ይሠራልኛል?"

ይህን ሲል አለቀሰ፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው፣ በቀትር፣ መንገድ ዳር። ሸዋዓለም ልታባብለው እጇን ዘረጋች። እንዲህ ናት እንግዲህ፤ የታመመችው እሷ፣ የምታባብለው እሷ።

"መልስላት" አሉ ዋቅሹማ። ቁጣ አልነበረበትም። "ሰማህ ብላሃለች። ሰማሁ ካላልካት ብቻዋን እንደተሸከመችው ነው።"

በሱፍቃድ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። "ሰማሁ" አለ።

ዕፀገነት ስልኳን አውጥታ ነበር። አብራት የተማረች ጓደኛ አላት፤ የጓደኛዋ እህት የሰው ሐኪም ናት፤ ቅዳሜ ከሰዓት ተረኛ ናት። ጥቂት ተነጋግራ ዘጋችና፣ "አሁን ከመጣችሁ ታያችኋለች" አለች። "እትዬ፣ እኔ የከብት ሐኪም ነኝ፤ የሰው አላውቅም። እንዲህ ነው ብዬ አላታልልሽም። ግን ሁለት ወር ስድስት ዓመት አይደለም።"

ሸዋዓለም ይህችን ቃል ይዛ ቀረች፤ ከንፈሯ ሲደግማት በሱፍቃድ አየ።

"ፈረሱስ?" አለች ቆይታ። "ሰርጉስ?"

በሱፍቃድ ወደ ዋቅሹማ ዞረ። ኪሱ ውስጥ ያለው ገንዘብ አሁን የሌላ ነገር መሆኑን ሁለቱም ያውቁ ነበር። "አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሌሊት ተነስተው..."

"ሂድ" አሉት። "ዛሬ ገበያ የለም። እንከኑ ተነግሯል፤ የመጣሁበት እሱ ነው።" ከዚያ ወደ ዕፀገነት ዞረው፣ "አንቺ ልጅ፣ ያቺን የፈነዳችውን ብቻ እንኳ ታክሚልኛለሽ?" አሏት።

"ሰኞ ሰበታ ድረስ እመጣለሁ አባባ" አለች።

ቀዩና ቢጫው ጨርቅ መሬት ላይ ወድቆ ነበር። ሽማግሌው አንስተው አዩት፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ጭራውን መልሰው አልጎነጎኑም። ጉራቻ ጭራውን እንደተበተነ እያወዛወዘ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር አለፈ፤ ያየው ሁሉ እየደነገጠ ዞር ሲል ዋቅሹማ ወደ ጎን ሳያዩ ይስቡት ነበር።

በሱፍቃድ ዘንቢሉን ከመሬት አነሳ። ሃያ ሦስት ዓመት አብረው ሲኖሩ የሚስቱን ዘንቢል ይዞ አያውቅም፤ እንዲህ ይከብዳል ብሎም አልገመተም። ታክሲ ወደሚቆምበት ለመድረስ በጌጃ ሰፈር መሀል ማለፍ አለባቸው። ዕፀገነት ቀድማ ታክሲ ልትይዝ ሄደች። ሰላሃዲን ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ከሩቅ ሲያያቸው ፊቱ በራ፤ ዛሬ የሚጫወትበት ነገር አገኘ።

"በሱፍቃድ፣ ፈረሱ የታለ? ደግሞ አሁን ሻማ ሻጭ ሆንክ?"

በየደጃፉ የተቀመጠው ሰው ሳቀ። ሸዋዓለም በጣቷ ጎኑን ነካችው፤ ዝም ብለህ እለፍ ማለቷ ነው። በዚህ ሰፈር እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ለእህቱም አይናገርም፤ "ትንሽ አሟት ነው" ይባላል፣ እስከ ቀብሩ ቀን ትንሽ እንዳመማት ትኖራለች። በሱፍቃድ ቆመ።

"ፈረሱን አልገዛሁም" አለ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። "ሸዋዓለም ታማለች። ጡቷ ላይ ዕጢ ወጥቶባታል። ሐኪም ቤት እየወሰድኳት ነው።"

ሳቁ በየአፉ ላይ ደረቀ። አንዲት ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰላሃዲን ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደቀረ ከደጃፉ ወርዶ መጣ። እጁን ዘርግቶ ዘንቢሉን ከበሱፍቃድ እጅ ተቀበለ።

"እኔ ዘንድ ይቀመጥ" አለ። "አላህ ይማርሽ እህቴ። ስትመለሱ ትወስዱታላችሁ።"

ጥቂት እንደሄዱ ሸዋዓለም፣ "ሰፈሩ ሁሉ ሰማ እኮ" አለችው።

"ይስማ" አላት።

ዕፀገነት ከፊት ሆና የታክሲውን በር ከፍታ ትጠብቃቸው ነበር። ሸዋዓለም ነጠላዋን ከደረቷ ላይ ላላ አድርጋ ትከሻዋ ላይ ጣለችውና ቀድማ ገባች፤ በሱፍቃድም ተከትሏት ከጎኗ ተቀመጠ።